አስተዋዩ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን

ዓይን ያለው ሁሉ ያያል፤ የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። በአንድ መንገድ ሺህ ሰው ሲመላለስ፣ ሁሉም አይቶ የሚያልፈውን ነገር አንዱ ቆም ብሎ ይመለከተዋል፤ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎም ራሱን ይጠይቃል። የሰው ልጅ ካካበተው ዕውቀት ብዙው የተገኘው እንዲህ ቆም ብሎ ከመመልከት ነው። በስሙ በሚጠራው በሽታ ምክንያት ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው እንግሊዛዊ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ከእነዚህ ጥቂት አስተዋዮች አንዱ ነበር። የሕይወቱ ታሪክ የማስተዋልን ጥቅም ያሳያል። ከዚህም ሌላ፣ አስተዋይ ሰው እንኳ ሳያየው የሚቀር ነገር እንዳለና እርሱ የተወውን ጉድለት ከኋላው የሚመጡት እንደሚሞሉት ያስረዳል።

ጄምስ ፓርኪንሰን ኤፕሪል 11 ቀን 1755 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በሎንዶን ከተማ ዳርቻ፣ ሆክስተን በምትባል መንደር ተወለደ። (በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ጆን ፓርኪንሰን መድኃኒት እየቀመመና ቁስለኛ እያከመ የሚኖር ሐኪም ነበር። ጄምስ ልጅ በነበረበት ጊዜ ሆክስተን ሜዳና የአትክልት ቦታ ያልተለያት መንደር ነበረች። እርሱ ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ግን ሎንዶን እየሰፋች መጥታ ዋጠቻት። ሥራ ፍለጋ የሚጎርፈው ሕዝብ በጠባብ ቤቶች ተጨናንቆ መኖር ጀመረ፤ ድህነትና ተላላፊ በሽታም በዙ። ጄምስ ግን ወደተሻለ ሰፈር አልሸሸም። የተወለደውም፣ ሙያውን የለመደውም፣ ሕሙማንን ሲረዳ ኖሮ የሞተውም በዚያው በሆክስተንና በአካባቢዋ ነው።

በዚያን ዘመን የሕክምና ሙያ እንደማንኛውም የእጅ ሥራ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ጄምስም በአባቱ ሥር ሆኖ መድኃኒት መቀመምን፣ ቁስል ማጠብንና ማሰርን፣ የበሽተኛ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ምልክት መከታተልን ተማረ። በ1776 ዓ.ም. በሎንዶን ሆስፒታል ገብቶ ለስድስት ወር ያህል ትምህርቱን አስፋፋ። በተከታዩ ዓመት፣ የ22 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ራሱን ሰቅሎ ትንፋሹ የተቋረጠ አንድ ሰው ነፍስ እንዲዘራ በማድረጉ፣ ውኃ የበላቸውንና ትንፋሽ ያጠራቸውን ሰዎች ለማዳን የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ማኅበር የብር ሜዳይ ሸለመው። በ1784 ዓ.ም. አባቱ ሲሞት የሕክምናውን ሥራ ተረከበ፤ በዚያው ዓመትም በቀዶ ጥገና ሐኪምነት እንዲሠራ ፈቃድ አገኘ።

ፈቃዱን ካገኘ በኋላም ትምህርት በቃኝ አላለም። በ1785 ዓ.ም. ዕድሜው 30 ዓመት ሲሆን፣ የዘመኑ ስመ ጥር ሐኪም ጆን ሃንተር የሚሰጠውን ትምህርት ይከታተል ጀመር። ሃንተር ተማሪዎቹን ከመጻሕፍት ይልቅ በዓይናቸው አይተው፣ በእጃቸው ዳስሰው፣ በሙከራ አረጋግጠው እንዲያምኑ የሚያስተምር ሰው ነበር። ፓርኪንሰን አጭር ጽሕፈት ያውቅ ስለነበር የመምህሩን ንግግር በፍጥነት እየጻፈ አስቀረ፤ ልጁም ይህን ማስታወሻ በ1833 ዓ.ም. በመጽሐፍ መልክ አሳተመው። አይቶ ማመንን፣ ያዩትንም ሳይውሉ ሳያድሩ መጻፍን ከመምህሩ የተማረው ፓርኪንሰን ይህን ልማድ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተወም።

ይሁን እንጂ ዓይኑ የሚያየው የበሽተኛን ገላ ብቻ አልነበረም። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የሕዝብ እንደራሴዎችን የመምረጥ መብት የነበራቸው ንብረት ያላቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ድሃው ግብር ይከፍላል፤ ስለ ግብሩ ግን ድምፅ የለውም። የፈረንሳይ አብዮት ከፈነዳ በኋላ መንግሥት የለውጥ ጥያቄን ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን ያይ ጀመር። ፓርኪንሰን በዚህ አስጊ ጊዜ፣ የምርጫ መብት ለሕዝቡ ሁሉ እንዲሰጥ የሚታገለው የሎንዶን ማኅበር አባል ሆነ፤ በብዕር ስምም ትንንሽ ጽሑፎችን ያሳትም ነበር። ከእነዚህ አንዱ ደም ሳይፈስ ለውጥ ሊመጣ እንደሚችል የሚያስረዳ ነበር።

በ1794 ዓ.ም. የዚህ ማኅበር አባላት የሆኑ ጥቂት ሰዎች፣ በቲያትር ቤት ውስጥ በመርዝ የተነከረ ቀስት በናስ ቱቦ ተኩሰው ንጉሥ ጆርጅ 3ኛን ሊገድሉ አሢረዋል ተብለው ተያዙ። ፓርኪንሰን ቃሉን ለመስጠት በጠቅላይ ሚኒስትሩ በዊሊያም ፒትና በንጉሡ አማካሪዎች ሸንጎ ፊት ቀረበ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። በንጉሥ ላይ ማሤር የሞት ፍርድ ያስከትላል፤ ሐኪሙም ቤተሰብ ያለው ሰው ነበር። እርሱ ግን ራሱን የሚያስወነጅል ቃል ለመስጠት እንደማይገደድ ሳያረጋግጥ አልመልስም አለ። ይህን ካረጋገጠ በኋላ ግን የማኅበሩ አባል መሆኑንና በብዕር ስም የጻፈውም እርሱ መሆኑን ሳይሸሽግ ተናገረ። በመጨረሻ ክሱ በማስረጃ ሳይጸና ቀርቶ የተያዙት ሰዎች ተለቀቁ። ፓርኪንሰንም ወደ ሆክስተን፣ ወደ በሽተኞቹ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ ያሳለፈው በአብዛኛው በማከምና በመጻፍ ነው። በ1799 እና በ1800 ዓ.ም. ባሳተማቸው መጻሕፍት፣ ሐኪም ለመጥራት አቅም የሌላቸው ሰዎች ጤንነታቸውን እንዴት እንደሚጠብቁና ሐኪም መፈለግ ያለባቸው መቼ እንደሆነ በቀላል ቋንቋ አስረዳ። ለሕክምና ተማሪዎች በጻፈው መጽሐፍም ወጣቶች መድኃኒት በመቀመም ብቻ ብዙ ዓመት ማባከናቸውን ነቀፈ። በ1811 ዓ.ም. ደግሞ የአእምሮ ሕሙማን የሚጠበቁባቸው ቤቶች ስለሚተዳደሩበት ሕግ ጻፈ። በ1812 ዓ.ም. እርሱና እንደ እርሱ ሐኪም የነበረው ልጁ ጆን፣ የትርፍ አንጀት መቁሰልና መበሳት ሰውን ሊገድል እንደሚችል የሚያሳይ የአንድ ልጅ ሕመም ታሪክ ለሐኪሞች አቀረቡ፤ ይህም በእንግሊዝኛ ስለዚህ በሽታ ከተጻፉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

ከሕክምናው ሥራ በሚተርፈው ሰዓት ደግሞ ሌላ ፍቅር ነበረው። በጥንት ዘመን የኖሩ እንስሳትና ዕፅዋት በድንጋይ ውስጥ የተዉትን ቅሪት ይሰበስብ ነበር። ስለ እነዚህ ቅሪተ አካላት ከ1804 እስከ 1811 ዓ.ም. ድረስ በሥዕል የተዋቡ ሦስት ቅጾች አሳተመ። በ1807 ዓ.ም. የሎንዶን የሥነ ምድር ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ፓርኪንሰን ነበር። በሕይወት ሳለ ዝናን ያተረፈለትም ይኸው የድንጋይ ምርምሩ ነው። በድንጋይ ላይ የቀረችውን ትንሽ ምልክት ተመልክቶ የጠፋውን እንስሳ በሐሳቡ የሚሠራ ሰው፣ በሰው አረማመድ ላይ ያየውን ምልክት ተመልክቶ የተደበቀውን በሽታ ለመፈለግ ቢነሣ አያስደንቅም።

ስሙን ለትውልድ ያስተላለፈችውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1817 ዓ.ም. በ62 ዓመቱ ነው። ስለሚያንቀጠቅጥ ሽባነት የተጻፈችው ይህች መጽሐፍ 66 ገጽ ብቻ ያላት ስትሆን የስድስት ሰዎችን ታሪክ ትዘግባለች። ከእነዚህ መካከል ሁለቱን ያገኛቸው በመንገድ ላይ ነው፤ አንዱን ደግሞ ያየው ከሩቅ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ከ50 ዓመት በላይ የሆነው፣ በሥራ ወዳድነቱና በመጠን በመኖሩ የሚታወቅ አትክልተኛ ነው። ሁለተኛው፣ ቀድሞ በዳኛ ጽሕፈት ቤት ተላላኪ የነበረ የ62 ዓመት ሰው፣ ሰውነቱ ጎብጦና ተንቀጥቅጦ፣ በእግሩ ጣቶች ላይ ብቻ እየረገጠ፣ በምርኩዝ ባይደገፍ በየእርምጃው የሚወድቅ ሆኖ ይታይ ነበር። ሦስተኛው የ65 ዓመት መርከበኛ ሲሆን፣ በሽታው የያዘው በእስፓኝ እስር ቤት በባዶ መሬት ላይ ሲተኛ ስለ ኖረ ይመስለው ነበር።

መንገደኛው ሕዝብ እነዚህን ሰዎች ሲያይ፣ አንዳንዱ እርጅና ነው ይላል፤ አንዳንዱ መጠጥ ነው ይላል፤ የሚበዛው ግን ምንም ሳይል ያልፋል። ፓርኪንሰን ቆም ብሎ አነጋገራቸው፤ ሕመሙ መቼ እንደጀመራቸው፣ ከየትኛው እጅ እንደተነሣ፣ እንዴት እየተስፋፋ እንደሄደ ጠየቃቸው። ከዚያም የተለያዩ የሚመስሉት ምልክቶች የአንድ በሽታ ፊደላት መሆናቸውን ተረዳ። በሽታው በትንሽ ድካምና በአንድ እጅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። መንቀጥቀጡ እጅ ሥራ ፈትቶ ሲያርፍ ይብሳል፤ ሥራ ሲይዝ ጋብ ይላል። ውሎ አድሮ ወደ ሌላው እጅና ወደ እግር ይዛመታል። ጽሕፈት ያስቸግራል፤ ምግብ ወደ አፍ ለማድረስ ትግል ይሆናል። በሽተኛው ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ እርምጃው እያጠረና እየፈጠነ ሄዶ ሳይወድ በግዱ ያስሮጠዋል። በመጨረሻም ንግግርና እንቅልፍ ይታወካሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንድ ቀን ሳይሆን በብዙ ዓመታት ቀስ እያለ ነው።

ፓርኪንሰን ከአቅሙ በላይ አልተናገረም። ከስድስቱ የአንዱንም አስከሬን ከፍቶ ለመመርመር ዕድል ስላላገኘ፣ የበሽታው ምንጭ በኅብለ ሰረሰር የላይኛው ክፍል ሳይሆን አይቀርም የሚለው ሐሳቡ ግምት ብቻ መሆኑን አስታወቀ። ጽሑፉን ያሳተመውም ሌሎች ሐኪሞች ተነሣሥተው መርምረው እውነቱን እንዲደርሱበት በማሰብ ነበር። በዚያው መጽሐፍ ግን አንድ ነገር በእርግጠኝነት አሰፈረ፤ ይኸውም በሽታው የሕዋሳትን ስሜትና የአእምሮን ችሎታ አይነካም የሚል ነበር። ጡንቻውን እንጂ ሐሳቡን የማያዝ ሰው አላየም። ሕመምተኞቹ ለጥያቄው በማስተዋል ይመልሱለት ስለነበር ይህን ማለቱ አይደንቅም። ሆኖም ስድስት ሰው ብቻ አይቶ፣ ያውም ከስድስቱ አንዱን ከሩቅ ተመልክቶ፣ ስለ በሽታው ሁሉ መፍረድ አስቸጋሪ ነው።

መጽሐፏ በወጣችበት ጊዜ ብዙ ድምፅ አላሰማችም። ፓርኪንሰን ዲሴምበር 21 ቀን 1824 ዓ.ም. አንደበቱን በዘጋ ድንገተኛ የአንጎል ሕመም በ69 ዓመቱ አረፈ፤ በሾርዲች በሚገኘው በቅዱስ ሌዮናርድ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ። እርሱ መሆኑ በእርግጥ የታወቀ ሥዕል አልተገኘም። የሌሎችን መልክና አረማመድ እንደዚያ አድርጎ ያስተዋለው ሰው የራሱ መልክ ለትውልድ ሳይተርፍ ቀረ።

ከእርሱ ሞት 40 ዓመት ያህል በኋላ፣ በፈረንሳይ አገር በፓሪስ ከተማ፣ በታላቁ የሳልፔትሪየር ሆስፒታል የሚሠራው ዣን ማርተን ሻርኮ የተባለ ሐኪም የፓርኪንሰንን ሥራ ከተረሳበት አነሣው። ሻርኮ በሆስፒታሉ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የሚኖሩ ብዙ ሕሙማን ስለነበሩት፣ ፓርኪንሰን በመንገድ ላይ በጥቂት ደቂቃ ያየውን በየቀኑ ለመከታተል ቻለ። ሁሉም በሽተኞች እንደማይንቀጠቀጡ፣ የጡንቻ መገተርና የእንቅስቃሴ መዘግየት ከሽባነት የተለዩ መሆናቸውን አሳየ። ከአንዳንዶቹም ማሰብና ማስታወስ እንደሚዳከም አስተዋለ። የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት የሚለው ስም ስላልተስማማው በሽታው በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ። ሻርኮ የቀዳሚውን ስሕተት ቢያርምም ክብሩን ለቀዳሚው ሰጠ።

ፓርኪንሰን ይመረመር ዘንድ የተመኘው ምሥጢርም ቀስ በቀስ ተገለጠ። በ1919 ዓ.ም. ኮንስታንቲን ትሬትያኮፍ የተባለ ሐኪም፣ በዚህ በሽታ የሞቱ ሰዎች አንጎል ሲመረመር በመካከለኛው አንጎል የሚገኝ ጥቁር ቀለም ያለው ክፍል ተጎድቶ እንደሚገኝ አስታወቀ። እንግዲህ ዋናው ጉዳት ፓርኪንሰን ከገመተው ቦታ ከፍ ብሎ ተገኘ። በ1957 ዓ.ም. የስዊድኑ ተመራማሪ አርቪድ ካርልሶን ዶፓሚን የተባለው ቅመም በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ መሆኑን አረጋገጠ። በ1960 ዓ.ም. በቪየና ከተማ ኦሌህ ሆርኒኪየቪችና ባልደረባው ይህ ቅመም በሕሙማኑ አንጎል ውስጥ እጅግ አንሶ እንደሚገኝ አሳዩ። ከዚህ ዕውቀት ተነሥቶ ሌቮዶፓ የሚባለው መድኃኒት ተገኘ። መድኃኒቱ በሽታውን ከሥሩ ነቅሎ አያጠፋም፤ ነገር ግን ብዙ ሰዎች እንደገና እንዲራመዱ፣ ራሳቸውን እንዲመግቡና እንዲሠሩ ረድቷል።

ፓርኪንሰን ስለ አእምሮ የተወው ጉድለትስ እንዴት ተሞላ? የሚያስገርመው፣ ከመልሱ አንዱ ክፍል የተገኘው ሰው ከሚያይበት ከዓይን ነው። ዓይን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር ሲሸጋገር በፍጥነት ይዘላል። ዝላዩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ድንገት ብርሃን ሲበራ ዓይን ሳይታሰብበት ወደ ብርሃኑ የሚዞርበት ቅጽበታዊ እንቅስቃሴ ነው። ሁለተኛው ሰው አስቦና ወስኖ ዓይኑን የሚልክበት ነው። በፓርኪንሰን በሽታ የተያዘ ሰው አስቦ ዓይኑን ሲልክ፣ ዝላዩ ብዙ ጊዜ ካሰበበት ሳይደርስ ያጥራል፤ ዓይኑም በሁለትና በሦስት ትንንሽ ዝላይ ካሰበበት ይደርሳል። እግር እርምጃውን እንደሚያሳጥር ሁሉ ዓይንም እርምጃውን ያሳጥራል። ቅጽበታዊው እንቅስቃሴ ግን በበሽታው መጀመሪያ አካባቢ በአመዛኙ ደኅና ይቆያል።

ሐኪሞች ይህን በቀላል ፈተና ይመረምሩታል። ተመርማሪው ፊት ለፊት እያየ ሳለ በአንድ ጎን ብርሃን ይበራል፤ እርሱ ግን ወደ ብርሃኑ ሳይሆን ወደ ተቃራኒው ጎን እንዲያይ ይታዘዛል። ይህን ለመፈጸም በመጀመሪያ ዓይንን ወደ ብርሃኑ የሚጎትተውን ቅጽበታዊ እንቅስቃሴ መግታት ያስፈልጋል። ቀጥሎም ትእዛዙን አስታውሶ ዓይንን ወደ ሌላው ጎን መላክ ያስፈልጋል። መግታት፣ ማስታወስና መወሰን የአእምሮ ሥራ ናቸው። ከሕሙማኑ ብዙዎቹ ትእዛዙን በሚገባ እያወቁ ዓይናቸው አምልጧቸው ወደ ብርሃኑ ይዞራል። ይህ ስሕተት በተለይ የሚበዛው ሥራን በቅደም ተከተል ማቀድና ሐሳብን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር በሚያስቸግራቸው ላይ ነው። የማሰብ ችሎታ በጣም ሲዳከም ደግሞ ያ ደኅና የነበረው ቅጽበታዊ እንቅስቃሴ እንኳ ይዘገያል።

ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። እጅንና እግርን የሚያንቀሳቅሱት ትእዛዞች የሚያልፉባቸው የአንጎል ጥልቅ ክፍሎች፣ ከግንባር በስተኋላ ካለው የማቀድና የመወሰን ማእከል ጋርም፣ ዓይንን ከሚያዙት ክፍሎች ጋርም የተያያዙ ናቸው። አንዱ ሲጎዳ ሌላው ይነካል። ስለዚህ በሽታው የእንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን በብዙ ሰዎች ላይ የማሰብም ችግር ያመጣል። ይህ ማለት ግን በፓርኪንሰን በሽታ የተያዘ ሰው ሁሉ አእምሮውን ያጣል ማለት አይደለም። ብዙዎች ለረጅም ዓመታት በንጹሕ አእምሮ ይኖራሉ። ፊቱ እንደ ጭምብል የረጋ፣ ንግግሩ የዘገየ ሰው ሐሳቡም የደነዘዘ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ እንዲህ ብሎ መፍረድ ከባድ በደል ነው። በዚህ ረገድ ሕመምተኞቹን በመንገድ ላይ እንደ ሙሉ ሰው ያነጋገራቸው ፓርኪንሰን ያሳየው አክብሮት ዛሬም አላረጀም።

ፓርኪንሰን የበሽታውን መንሥኤ አላወቀም፤ መድኃኒቱን አላገኘም፤ ስለ አእምሮ የጻፈውም በኋላ ታርሟል። ታዲያ ስሙ ለምን ሳይሞት ቀረ? ሌሎች ያለፉትን ሰው ቆሞ ስላየ፣ ያየውን በትክክል ስለጻፈና የማያውቀውን ለሌሎች ምርምር ክፍት አድርጎ ስለተወ ነው። ዕውቀት አንድ ሰው ጀምሮ አንድ ሰው የሚጨርሰው ሥራ አይደለም። አንዱ መሠረቱን ይጥላል፤ ሌላው ግድግዳውን ያቆማል፤ የተጣመመውንም የሚያቃናው ተከታዩ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፓርኪንሰን የልደት ቀን ኤፕሪል 11 በየዓመቱ ስለ በሽታው የሚታሰብበት ቀን ሆኗል። በዚህ ቀን የሚታሰቡት ግን ሐኪሙ ብቻ ሳይሆኑ፣ በሎንዶን መንገድ ላይ በምርኩዝ ተደግፈው ያለፉትና ጥያቄ ለጠየቃቸው እንግዳ ሰው ቆመው የመለሱለት እነዚያ ስማቸው ያልታወቀ ሕሙማን ጭምር ናቸው።